ከቦዩ ማዶ ያለው ማድ ቤት

ግድግዳ ሽታ ይዞ ይከርማል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ባለፈው ሰሞን እማማ ብርቄን ክንዳቸውን ደግፌ፣ ከቦዩ ማዶ ወዳለው አሮጌ አዳራሽ ለመራጭነት ምዝገባ ይዣቸው ስገባ ግን፣ ገና ከደጃፉ የልብስ ሳሙናና የላምባ ሽታ ተቀበለኝ። አዳራሹ ታድሷል፤ ግድግዳው ክሬም ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉ ሴራሚክ ለብሷል፣ ጥግ ላይ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ሽታው ግን ያው የድሮው ነው። በእኛ ጊዜ ይህ አዳራሽ የማዶው ቀበሌ ሱቅ ነበር፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ላምባ የሚታደልበት። ቆም አልኩ። እማማ ብርቄም ቆሙ። "ሸተተህ?" አሉኝ። "ሸተተኝ" አልኳቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ትንሽ ቀደም ብሎ ከአፋቸው የሰማሁት ነገር ገና ከውስጤ አልወጣም ነበርና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ደግፌ ያመጣኋቸው እሳቸው ቆመው እኔ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ቦዩ ልንገራችሁ። ሰፈራችን ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ አቀበት በሚወስደው በኩል ነው። ከተራራው የሚወርድ ቦይ ለሁለት ይገምሰዋል። በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች፤ በክረምት ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ሲወርድ ጩኸቱ እንቅልፍ ይነሳል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከቦዩ ወዲህ ባለችው በረንዳዬ ላይ፣ በዚያችው በእግር በምትረገጠው መኪናዬ፣ ከቤልቦተም ጀምሮ እስከዛሬው ጂንስ ድረስ ያልሰፋሁት የለም። ድሮ ወጣቱ የተቀደደ ሱሪ ይዞ ይመጣና "ስፋልኝ" ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ደህናውን ሱሪ ይዞ ይመጣና "ጉልበቱ ላይ ቅደድልኝ" ይለኛል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የእማማ ብርቄ ቤት ከበረንዳዬ ቀጥሎ ነው፣ ከወዲህ። ማድ ቤታቸው ግን ከቦዩ ማዶ ነው። ባለቤታቸው፣ ነፍስ ይማር፣ ሸማኔ ነበሩ፤ ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች ጋቢና ነጠላ ይሠሩ ነበር። ጭሱ የሸማ ድሬን ያጠቁርብኛል ብለው ማድ ቤቱን ከቦዩ ማዶ ቀለሱትና በሁለቱ መካከል የባሕር ዛፍ ሳንቃ ጣሉበት። እማማ ብርቄ እንግዲህ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያች ሳንቃ ሲመላለሱ ኖሩ።

ያ ዘመን ምን ዘመን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ መንግሥታትን እየቆጠርኩ አላስታውስም። እኔ የማስታውሰው ሻይ በአሥር ሳንቲም እንደነበር ነው፤ አንድ ቤልቦተም ሱሪ በአራት ብር እሰፋ እንደነበር፣ ታኮ ጫማ ያጣ ኮንጎ ጫማውን በጨርቅ ወልውሎ ዊንጌት በር ላይ ቆሞ የትምህርት ቤቱን ሴቶች ሲያይ እንደሚውል ነው። ሬዲዮኑ ጠዋት ማርሽ፣ ማታ ትዝታ ይዘፍናል። የቀረው ቀን ሰልፍ ነው። የዳቦ ሰልፍ፣ የውሃ ሰልፍ፣ ከሁሉም በላይ የስኳር ሰልፍ። ታዲያ ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል ስለማይችል ድንጋይ ያስቀምጥ ነበር። እያንዳንዱ ቤት የራሱ የወረፋ ድንጋይ ነበረው። የእኛ ቤት ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነበር። የሐጂ ሙክታር፣ የማዶው ባለሱቅ፣ ግማሽ ብሎኬት ነበር፤ ሀብታም መሆኑን በብሎኬት ያሳየን ነበር። የእማማ ብርቄ ስባሪ መጅ ነበር፤ እህል የሚፈጭበት፣ ከመሃሉ የተሰበረ፣ በአንድ በኩል እንደ ሳሙና የለሰለሰ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲነቃነቅ ከኋላ ያለው ሰው ከፊቱ ያለውን ድንጋይ በእግሩ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ በእጁ አንስቶ ወደፊት ያስቀምጣል። ድንጋዩን በእግሩ የገፋ ሰው ባለቤቱን እንደረገጠ ይቆጠር ነበር። የሰው ድንጋይ ዘሎ ያለፈ ደግሞ፣ እሱ ሰው ተብሎ በሰፈራችን አይጠራም።

ቦዩ በዚያን ጊዜም ድንበር ነበር። ወዲህ አንድ ቀበሌ፣ ማዶ ሌላ ቀበሌ። እንግዲህ የእማማ ብርቄ ብልጠት የመጣው ከዚህ ነው። ልጃቸው ጌታሁን አድጎ ጎረምሳ ሲሆን፣ "ልጄ ራሱን ችሎ ወጥቷል፤ ቤቱም ከማዶ ነው" ብለው ማድ ቤቱን በስሙ በማዶው ቀበሌ አስመዘገቡት። ሌላ ራሽን ማለት ነው፣ ሌላ ስኳር። የቀበሌው ሰው ሊያጣራ መጣ። የእሱ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ አልጋ ያለበት ቤት ቤት ነው፣ አልጋ የሌለበት ማድ ቤት ነው። እማማ ብርቄ ይህን አስቀድመው ሰምተው የሽቦ አልጋ በሳንቃው አሻግረው፣ ምድጃውን በሰሌን ሸፍነው፣ ጌታሁንን ጠዋት በአራት ሰዓት ብርድ ልብስ አልብሰው አስተኝተው ነበር። ሰውዬው ገብቶ አየና "ይህ ልጅ ሥራ የለውም እንዴ?" አለ። "አሞት ነው" አሉት። ሰፈሩ ሁሉ በየግድግዳው ሥር ተጎንብሶ ሳቁን አፍኖ ነበር። ሰውዬው ማኅተሙን አደረገና ሄደ። የዚያን ወር ስኳር እማማ ብርቄ ለየቤቱ በብርጭቆ አከፋፈሉ። እኔም ቤት ደርሷል። ሻዩ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ጨምሬ "ብራቮ እትዬ ብርቄ!" እያልኩ ጠጥቻለሁ።

ጌታሁን ጓደኛዬ ነበር። ቁመተ ሎጋ፣ ፀጉሩ አፍሮ፣ ጥርሱ መሃል ክፍተት ያለው። የመጨረሻ የሰፋሁለት ሱሪ ቡናማ ቴትሮን ቤልቦተም ነው፤ ታቹ ሲሰፋ "ጨምር፣ ጨምር" አለኝና፣ ቦዩን ሲሻገር የሱሪው ታች ውሃ ይጠርግ ነበር። ከዚያ እኔ ናዝሬት ወረድኩ፤ የሥራ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ተቀጥሬ ጥቂት ዓመት ቆየሁ። ስመለስ "ጌታሁን ዘምቷል" አሉኝ። ያኔ ያልዘመተ ማን ነበር? ከየቤቱ እየተለቀመ ነበር። በየትኛው ቀን፣ እንዴት፣ በማን ብዬ አልጠየቅኩም፤ አይጠየቅም ነበር። አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም፤ መርዶ ስላልመጣ እማማ ብርቄ ለቅሶ አልተቀመጡም። ጥቁርም አልለበሱም። እስከዛሬ ድረስ ስለ እሱ ሲያወሩ "ጌታሁን ይሄን ይወዳል" ይላሉ እንጂ "ይወድ ነበር" ብለው አያውቁም።

ወደ አሁኑ ልመለስ። ሰሞኑን ምርጫ ደረሰ ተባለና በረንዳዬ ፓርላማ ሆነ። ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር ይመጣና ሱሪውን ረስቶ ሲከራከር ይውላል። ዋናዎቹ ተከራካሪዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ዳዊት ነው፣ ከወዲህ፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ስልክ የሚጠግን ልጅ። ሌላዋ ሰሚራ ናት፣ ከማዶ፤ የሟቹ የሐጂ ሙክታር ልጅ፣ አሁን ሱቁን የምትይዘው እሷ ናት።

"ፌዴሬሽን ጥሩ ነው፣ ማን ጠላው?" ይላል ዳዊት። "ግን በቋንቋ የተሰመረ መስመር ነው አገሩን የበላው። መጀመሪያ ዜጋ እንሁን፣ ከዛ ሌላው ይደርሳል።"

"ይደርሳል እየተባለ ነው እኮ የኔ አያት ያለፈው!" ትላለች ሰሚራ። "የሱን ቋንቋ ማን ሰምቶት ያውቃል? ራዲዮ ላይ? ትምህርት ቤት? አሁን እሱ አገር በራሳቸው ቋንቋ ይማራሉ። ይሄን አፍርሱ የሚል ፓርቲ እኔ አልመርጥም፣ በቃ።"

"አፍርሱ ማን አለ? አሻሽሉ ነው ያልነው።"

"ስታሻሽሉ እናያለን!"

እኔ መርፌዬን ይዤ፣ ዳዊት ሲናገር ለዳዊት ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ሰሚራ ስትናገር ለሰሚራ። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። "ጋሽ ወርቁ፣ እርስዎ ግን የማን ነዎት?" ይሉኛል። "የደንበኛ" እላለሁ። ይስቃሉ። ክርክሩ ሲያልቅ ዳዊት ከሰሚራ ሱቅ ለስላሳ በዱቤ ይጠጣል፤ ሰሚራ የተበላሸ ስልኳን ትሰጠዋለች። እንዲህ ነበርን።

ከዚያ ወሬው መጣ። የምርጫ ወረዳው ወሰን ተነካክቷል፣ ከእንግዲህ ቦዩ ነው መስመሩ ተባለ። እስከዚያ ድረስ ወዲህም ማዶም በአንድ ጣቢያ ነበር የምንመርጠው። የሰፈሩ ታላቅ ከፊት ይሆናል፣ ሌላው በዕድሜው ይከተላል፤ እንዲህ ነው ልማዳችን። ባለፉት ምርጫዎች ሁሉ ከፊት የሚሆኑት እማማ ብርቄ ናቸው፤ ክንዳቸውን የምይዘው እኔ። ማንን እንደመረጡ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ሲወጡ ግን ቀለም የነካውን ጣታቸውን ቀና አድርገው "ቆጠሩኝ" ይሉኛል። አሁን ሰፈሩ ለሁለት ሲከፈል እማማ ብርቄ የማን ናቸው? ቤታቸው ወዲህ፣ ማድ ቤታቸው ማዶ! ማዶዎቹ የሚመርጡበት አዳራሽ ደግሞ አቀበቱን ዞሮ ነው፤ ለእሳቸው እግር ሩቅ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ለእኔ ነገሩ የእግር ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ "ወርቁ" ብሎ በስሜ የሚጠራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ሌላው ሁሉ ጋሽ ነው የሚለኝ። ክንዳቸውን ሌላ ሰው ይዞ ሲሄድ ማየት አልፈለግኩም።

ክርክሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ መልኩን ቀየረ። ዳዊት "መስመሩ ሆን ተብሎ ነው፤ ማዶ ያሉትን ሸማኔዎች ከኛ ነጥለው ለናንተ ሰጡ፣ እንድታሸንፉ" አለ። ሰሚራ "የሕዝብ ብዛት ለማመጣጠን ነው፣ ማንበብ አትችልም እንዴ፣ ተለጥፏል" አለች። "እማማ ብርቄ የኛ ናቸው!" አለ። "ጢሳቸው የሚወጣው ከኛ በኩል ነው!" አለች። እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። ከዚያ ዳዊት ድምፁን ከፍ አድርጎ "እናንተ ማዶዎች ድሮም የሰው ነው የምትፈልጉት" አለ። ክው አልኩ። ይሄ ልጅ እናቱ ሆስፒታል ተኝታ በነበረ ጊዜ ወር ሙሉ የበላው ከሰሚራ እናት እጅ ነው፤ በረመዳን ሾርባውን ከእነሱ ጋር እየጠጣ ነው ያደገው። ሰሚራ ልታሳጥር ያመጣችውን ሱሪ አንጠልጥላ በሳንቃው ተሻገረች። በሦስት ቀን ውስጥ፣ እመኑኝ፣ ሰው ከየወገኑ መግዛት ጀመረ። በጋ ነበር እኮ፤ ቦዩን ዶሮ ትሻገረው ነበር።

"በቃ፣ አልጋው ያለበት ይወስን!" አለ ዳዊት በማግስቱ። አያቱ የነገሩትን የድሮ የቀበሌ ሕግ ማለቱ ነው። ሁሉም ተስማማ። እኔም ደስ አለኝ፤ የእማማ ብርቄን ትልቁን አልጋ፣ ነጭ አልጋ ልብሱን፣ በላዩ የተሰቀለውን ሥዕል አውቀዋለሁ። ስታመም ሾርባ ይዘውልኝ ሲመጡ፣ ሲታመሙ ዳቦ ይዤ ስገባ፣ ስንት ዘመን! ማሸነፋችን ነው ብዬ በምዝገባው ቀን ጠዋት ሻሻቸውን አሳምረው እስኪያስሩ በረንዳቸው ላይ ጠበቅኳቸው። ዳዊትም የሚቀመጡበትን ዱካ ተሸክሞ ተከተለን። ከወዲህ ያለው መመዝገቢያ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተተከለ ድንኳን ነው። መዝጋቢዋ ትሁት ልጅ ነበረች፤ ከወንበሯ ተነስታ ነው የተቀበለቻቸው።

"እማማ፣ ቤትዎ ወሰኑ ላይ ነው ያለው ተብያለሁ። ማለቴ... ማታ የሚተኙት በየትኛው በኩል ነው?"

"ኧረ ከወዲህ ነው!" አልኩ እኔ ቀድሜ። "ትልቁ ቤት ውስጥ። እኔ ጎረቤታቸው ምስክር ነኝ።"

እማማ ብርቄ እጃቸውን እጄ ላይ አሳረፉ። "አይ ወርቁ" አሉ፤ "አትዋሽብኝ።"

ልጅቷ ቀና አለች።

"እኔ የምተኛው ማድ ቤት ነው፣ ልጄ። ማዶ።"

"መቼ ጀምሮ?" አልኳቸው። ጆሮዬን አላመንኩም።

"ጌታሁን ከሄደ ጀምሮ።"

ስንት ዓመት ነው ይሄ? የበረንዳዬ መብራት የሚያበራው በራቸውን አልነበረም እንዴ? በየምሽቱ "ደህና እደር ወርቁ" ብለውኝ በሩን ዘግተው ይገባሉ። ለካ በጓሮው በር ወጥተው ሳንቃውን ይሻገሩ ኖሯል፤ በክረምት፣ ያ ሁሉ ውሃ ሲጮህ። እኔ ግድግዳ ለግድግዳ እየተኛሁ ይህን አላወቅኩም። "ለምን?" አልኳቸው።

"አንተ ያኔ ናዝሬት ነበርክ፤ አታውቅም" አሉኝ፤ የሚያወሩት ስለ ዝናብ ይመስል ነበር። "በዚያ ዙር ልጅ አምጣ የተባለው የማዶው ቀበሌ ነው። ወዲህ ያሉት አልተነኩም። የጌታሁን ስም ከማን ጋር ነበር? ከማዶ። ማነው ያሻገረው? እኔ። አልጋ ዘርግቼ፣ ብርድ ልብስ አልብሼ። ሲመጡበት እዚያችው አልጋ ላይ አገኙት። ለስኳር ብዬ ነው ወርቁ ልጄን መስመር ያሻገርኩት።"

እኔ የማስታውሰው የሻዩን ጣዕም ነው። እምላለሁ፣ በዚያች ቅጽበት ያ ሁለት ማንኪያ ስኳር ምላሴ ላይ መጣብኝ። ሰፈሩ ሁሉ የሳቀበት፣ ለዓመታት "የእትዬ ብርቄ አልጋ" እያልን ለልጆቻችን እንደ ተረት ያወራነው፣ ዳዊትም ከአያቱ ሰምቶ ሕግ ያደረገው ቀልድ! ዞር ስል ዳዊት ዱካውን እንዳቀፈ መሬት መሬት ያያል። አለቀስኩ፣ አላፍርም፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሳቸው ናቸው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን የጠረጉልኝ።

"እዚህ እንመዝግብዎት እማማ፤ ቅርብ ነው፣ ቤትዎም እኮ አለ፤ መታወቂያዎም የሚለው ይህንኑ ነው" አለች ልጅቷ፣ አይኗ ቀልቶ።

"አይ፣ የኔ ልጅ። ያ የማዶው ቤት የሱ ነው። በሱ ስም ነው ያስመዘገብኩት። ትቼው ብሄድ፣ ሲመጣ ሰው ያጣበታል" አሉ። "እኔም ስቆጠር ከዚያ ቤት ልቆጠር።"

እንግዲህ ያን ቀን አቀበቱን ዞረን ወደ አሮጌው አዳራሽ የሄድነው፣ ያ ሽታ የተቀበለኝ፣ እንዲህ ሆኖ ነው። ጉዞው ረጅም ነበር፤ ከላይ ተራራው ላይ ካለው የእጽዋት ማዕከል በኩል የሚወርደው የባሕር ዛፍና የጥድ ነፋስ ፊታችንን እየመታን፣ ሁለት ጊዜ ዱካው ላይ እያሳረፍናቸው። አዳራሹ ስንደርስ የመጀመሪያዋ ያየችን ሰሚራ ናት፤ እሷም ልትመዘገብ መጥታ ነበር። ዳዊትን ስታይ ፊቷን አዞረች። ዳዊት ዱካውን አጠገቧ አስቀመጠና "እማማ የናንተ ናቸው" አላት። ያሸነፈ ሰው እንደሚያደርገው አልሳቀችም። አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ የሆነ ነገር እንደሆነ ገባት። "እዚህ አረፍ ይበሉ እማማ" አለችና በነጠላቸው ላይ የነበረውን አቧራ ማራገፍ ጀመረች። በኋላ ዳዊት ወጣ ብሎ ሁሉን ነገራት። ከደጅ ስትመለስ ሻርቧን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

በምርጫው ቀን ጠዋት እንጦጦ ጉም ለብሶ ነበር፣ ሰኔ ነው። የእኔ መምረጫ ከወዲህ ነው፤ እኔ ግን ጎህ ሲቀድ በሳንቃው ተሻግሬ የማድ ቤቱን በር አንኳኳሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባሁበት። ያው የሽቦ አልጋ፣ ተነጥፎ። ምድጃው ወደ ጥግ ተገፍቷል። ምስማር ላይ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ የታየኝ ቡናማ ቴትሮን ሱሪ ነው። ስፌቴን ከሩቅ አውቀዋለሁ። እማማ ብርቄ ተነሥተው ለብሰው ጨርሰው ነበር፤ ነጠላቸው ውስጥ የቋጠሩት ነገር ወደ አንድ ጎን ያዘነብላቸዋል። "ልያዝልዎ" አልኳቸው። "ተወው" አሉኝ።

ሰልፉ ከአዳራሹ በር እስከ መንገዱ ወርዷል። ሰሚራ ከፊት፣ ከታላላቆቹ መሃል ቆማ ቦታ ይዛላቸዋለች፤ ታላቅ ከፊት ነው፣ ማዶም ልማዳችን አንድ ነው። እማማ ብርቄ ደርሰው ቆሙና ነጠላቸውን ፈቱ። ስባሪውን መጅ አወጡ። ያው ነው፤ በአንድ በኩል የለሰለሰው። ጎንበስ ብለው ከፊታቸው መሬት ላይ አስቀመጡት።

"እማማ፣ ይሄ ድንጋይ ምንድነው?" አለ ሰልፉን የሚያስተካክለው ወጣት፣ በትሕትና።

"የጌታሁን ወረፋ ነው" አሉ።

ወጣቱ ዙሪያውን አየ። ሰልፉ ላይ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ወሬው ከሰው ወደ ሰው ወደ ታች ሲወርድ አየሁት። ትናንት የእከሌ ፓርቲ፣ የእከሌ ፓርቲ እየተባባሉ የተሰዳደቡት ሁሉ እዚያ ነበሩ። በሩ ተከፈተና ሰልፉ ተነቃነቀ። ሰሚራ ከእማማ ብርቄ ጀርባ ነበረች። ዞራ መጣች፣ ጎንበስ አለች፣ ድንጋዩን በሁለት እጇ አንስታ አንድ እርምጃ ወደፊት አስቀመጠችው። ይህን ማን አስተማራት? አባቷ መሆን አለበት። እንደገና ተነቃነቀ። እንደገና አነሳችው።

በመጨረሻ ድንጋዩ በር ላይ ደረሰ። ከውስጥ "ቀጣይ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። "ቀጣይ ይግባ!" አለ ድምፁ እንደገና። ያ ሁሉ ሰው ከድንጋዩ ኋላ ቆሟል፤ ድንጋይ ዘሎ የሚያልፍ አልተገኘም። እማማ ብርቄ ዞሩና ቁልቁል መንገዱን አዩ። እኔም አየሁ፤ እግዜር ያውቃል፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ አፍሮ ፀጉር ያለው ሰው ብቅ የሚል መስሎኝ አየሁ። መንገዱ ላይ አንድ ሚኒባስ ብቻ ነበር፣ ወደ ዊንጌት የሚወርድ።

ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሱና ለሰሚራ ሰጧት።

"ያዢልኝ" አሉ። "ዛሬም አልደረሰም። ለሚቀጥለው ይመጣል።"

ከዚያ ብቻቸውን ገቡ።